ሦስት ጊዜ ተጫን

ታላቅየው ፒክአፗን መንዳት ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። ጎማዋን የሚቀይር እሱ፣ ዘይቷን የሚለካ እሱ፣ ጭቃ ውስጥ ስትቀረቀር ትከሻውን ሰጥቶ የሚገፋት እሱ። ብትስል እንኳ ሳሏ ከየት እንደመጣ ሳይወርድ ያውቃል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የታናሽ ወንድሙ ነው። ሰው መኪናዋን ሲያደንቅለት «የወንድሜ ናት» ማለት አለበት፤ ይህችን ባለ ቁጥር ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው ይመስላል።

ዛሬ ግን ያ ነገር ሊያበቃ ነው። ባለፈው ሳምንት ታናሽየው፣ ሰው ሁሉ «ኢንጂነሩ» እያለ የሚጠራው፣ በአጎታቸው ፊት ቃል ገብቷል። «ጋሼ፣ ይህን የብረት መቅረጫ ቶርኖ አዲሱ ወርክሾፕ ድረስ በሰላም ካደረስክልኝ፣ ሰኞ አብረን ሄደን ሊብሬውን በስምህ አዞረዋለሁ። መኪናዋ ያንተ ትሁን።»

«በጆሮዬ ሰማሁ» አለ አጎት። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ምስክር ቤቱ ተኝቶ አይመሰክርም።»

ታላቅየው አመሰገነ። ሌሊቱን ግን «ካደረስክልኝ» የምትለዋን ቃል እንደ ጠጠር ሲያላምጥ አደረ። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው እንደ ጀማሪ ሊፈተን! ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ የሰው መኪና ላይ ረዳት የሆነው ማን እንዲማር ነበር? ይህን የሚያስታውስ የለም። እሱ ግን ሁሉንም ያስታውሳል። በተለይ የወንድሙን ሰርግ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ የአዳራሹ በር ላይ፣ የሙሽራውን ካፖርት በክንዱ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ከረባት ያሰረ አለቃ መጣና ወደ እሱ በአገጩ እያመለከተ ሙሽራውን ጠየቀው፤ «ይሄ ማነው?» ሙሽራውም እየሳቀ፣ «ሹፌራችን ነው» አለ።

ወንድሜ አላለም። ሹፌራችን።

መኪናዋ ላይ የተገጠመችው ሳጥን የመጣችው ከስምንት ወር በፊት ነው። የሲጋራ ፓኬት የምታህል ጥቁር ነገር ናት። ከመሪው በስተግራ ተለጥፋ የናፍጣውን ሞተር ጉልበት እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ ታደርጋለች። ትንሽዬ መስኮት አላት፤ በመስኮቷ የባዕድ ፊደልና የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚናገር ቁጥር ይታያል። ከሥሯ አንዲት መጫኛ አለች። ቁልፉን ግማሽ አዙረህ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ትጫናለህ። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ብትለምናትም ብትሰድባትም አትሰማህም፤ ምርጫህን መቀየር ከፈለግክ ማጥፋት አለብህ።

«ጋሼ፣ ጽሑፉ አያስጨንቅህ፤ በቁጥር ያዘው» አለው ወንድሙ ያን ዕለት፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሁለት መካኒኮች ቆመው እየሰሙ። «አንድ ጊዜ ከተጫንክ ነዳጅ ትቆጥባለች። ሁለት ጊዜ ለአዘቦት መንዳት ነው። ሦስት ጊዜ ለመጎተት። አራተኛውን እርሳው፣ እሱ የሽቅድምድም ነው።»

«ከባድ ነገር ለመጎተት ከሆነ ለምን ጉልበት ያለውን አንወስድም?» ብሎ ጠየቀ ታላቅየው።

መካኒኮቹ ሳቁ። ወንድሙም አብሯቸው ሳቀ። «ሲጎተት ትርፍ ጉልበት ገዳይ ነው ጋሼ። ጭነቱ አንቆ ይይዘዋል፣ ነዳጁ ይጎርፋል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከሰባት መቶ ዲግሪ ካለፈ ለሞተሩ አየር የሚነፋውን ቱርቦ ያቀልጠዋል። የመጎተቻው ምርጫ ጉልበት አይጨምርም፣ ጉልበት ይገራል።»

ነገሩ ልክ ነበር። ታላቅየውን ያንገበገበውም ልክ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሳጥኗ አንዲት ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። ሲጭን ሦስት፣ ባዶ ሲሆን ሁለት፤ አለቀ። መብራቷ ዓይኑን ስለሚወጋው ኮፍያውን አውልቆ ይሰቅልባታል። ሙቀቱንም ቢሆን በአፍንጫውና በእግሩ ጫማ ያውቀዋል፤ ቁጥር አያስፈልገውም።

ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ሲገባ የፀሐይ መከላከያው ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አየ። «ጋሼ፦» ብላ ትጀምራለች፤ ከሥሯ አራት አምስት መስመር አለ። ማንበብ አቅቶት አይደለም። በስድስት ዓመት ውስጥ ግን ስንት ወረቀት ተለጥፎበታል! «ጋሼ፦ መኪና ውስጥ አይጨስ።» «ጋሼ፦ የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ይታይ።» «ጋሼ፦ ወንበሩ ላይ በቱታ አትቀመጥ።» አሁንም፣ መኪናዋ የእሱ ልትሆን ጥቂት ቀን ሲቀራት እንኳ፣ ትእዛዝ!

ነጭቆ አወረዳት። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ሊለካ ሲል ጨርቅ አጣ። የመለኪያውን ዘንግ በዚያችው ወረቀት ጥርግ አደረገውና ደስ አለው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቡ ደስ አለው። ከዚያ አጣጥፎ የቱታው ኪስ ውስጥ ከተታት።

ወንድሙና አጎቱ ከኋላ፣ ተጎታቹ ላይ የተጫነውን ቶርኖ ገመድ ሲያጠብቁ፣ እሱ መሪው ጋ ተቀመጠ። ቁልፉን ግማሽ አዞረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሦስት። ሞተሩን አስነሳና ኮፍያውን ሰቀለ።

«ቢስሚላውንም በስመ አቡንም ብያለሁ፤ ንዳት!» አለ አጎት ከኋላ ወንበር፣ ካፖርቱን እስከ ጆሮው ስቦ።

ሜዳው ላይ መኪናዋ ጉድ አሰኘች። ያን ሁሉ ብረት አስከትላ እንደ ባዶ ተፈተለከች። ነዳጁን ገና ነካ ሲያደርጋት ትዘላለች። አጎት በመስኮቱ እያየ፣ «እንዴ፣ ይሄ ማሽን ወርዶ ቀርቷል እንዴ? አለ ከኋላችን?» አለ።

«አለ» አለ ታላቅየው፣ ደረቱን ነፍቶ። «እጅ ነው አጎቴ። መኪና እጅ ያውቃል።»

ኢንጂነሩ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ከወርክሾፑ ሰዎች ጋር ይጻጻፋል። አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ታላቅየው በልቡ «ግድ የለም፣ ሰኞ ትሰማለህ» አለው።

ዳገቱ የጀመረው ከድልድዩ ማዶ ነው። መንገዱ በአንድ በኩል ተቆርጦ በቆመ ገደል፣ በሌላው በኩል በሲሚንቶ ግንብ ታጥሯል። ያም አንሶ መንገድ ጠጋኞቹ ግማሹን በበርሜል ዘግተውታል። የቀረው አንድ መኪና የሚያሳልፍ ጉሮሮ ብቻ ነው። ከፊት ከባድ መኪኖች ይንፏቀቃሉ፤ ከኋላ አንድ አውቶቡስ ስፖኪዮውን ሞልቶ ተለጥፏል። ዞር ማለት የለም፣ ጥግ መያዝ የለም።

ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ነዳጁን ሲጫን መኪናዋ አጓራች፤ በስፖኪዮው ጥቁር ጭስ ሲንከባለል ታየው። ሲለቅላት ደግሞ ልትቆም ተንገጫገጨች። ጫን፣ ጭስ። ለቀቅ፣ መንገጫገጭ። እግሩ ሥር ያለው ወለል ይሞቅ ጀመር። አፍንጫው ነገሩን ከሁሉም ቀድሞ ነግሮታል፤ እሱ ግን «ዳገቱ ነው» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«ልጆች፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አለ አጎት። «እኔ ከሆንኩ ንገሩኝ፣ አልቀየምም።»

ኢንጂነሩ ከስልኩ ቀና አለ። አሸተተ። እጁን ሰደደና ኮፍያውን ከሳጥኗ ላይ አነሳ። ቁጥሩ ቀልቷል፤ ሰባት መቶ ዘጠና።

«ጋሼ! ስንት ጊዜ ነው የተጫንከው?»

«ሦስት። አንተው አይደለህ ያልከኝ? ለመጎተት ሦስት።»

የኢንጂነሩ ፊት አመድ መሰለ። «ቀይሬዋለሁ እኮ! እንዲቀልህ ብዬ ትናንት ቅደም ተከተሉን ቀየርኩት። መጎተቻው አንደኛ ሆኗል። አሁን ሦስተኛው የሽቅድምድሙ ነው!»

«ማን ነገረኝ?»

«ጻፍኩልህ እኮ! ወረቀት እዚህ ላይ…» ቀና ብሎ የፀሐይ መከላከያውን አየ። ባዶ ነው።

ታላቅየው ኪሱ ውስጥ ያለችው ወረቀት ጭኑን ያቃጠለችው መሰለው። አሁን ይናገር? ሰኞ አለች። ሊብሬው አለ። ከኋላ ምስክር ተቀምጧል። «ምንም ወረቀት አላየሁም» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«ወድቆ ይሆናል። ፕላስተሩም አሮጌ ነበር» አለ ወንድሙ። «አቁም ጋሼ። አቁም፣ ቱርቦው ይሄዳል!»

«የት ላቁም? ይህ ማቆሚያ ነው?»

«እዚሁ!»

አቆመ። ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠ። የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥግ ሳበ፤ ያም ሆኖ ተጎታቹ ወደ ኋላ ሲጎትታቸው አንድ ስንዝር ያህል ሸርተት አሉ። የአውቶቡሱ ክላክስ አንባረቀ።

«እግርህን እንዳታነሳ!»

«አንተ ልትነግረኝ ነው?» አለ ታላቅየው በጥርሱ።

ወዲያው ማጥፋት አይቻልም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። የጋለ ቱርቦ ድንገት ከጠፋ ዘይቱ ውስጡ ይነድና ይደርቃል። ሞተሩ በራሱ እየተነፈሰ ሦስት መቶ እስኪወርድ መጠበቅ አለበት። ከጠፋ በኋላ ደግሞ ፍሬኑ ይደነድናል፤ በእግር ብቻ ይህን ሁሉ ብረት ዳገት ላይ መያዝ አይሆንም።

«አጎቴ፣ ታኮዎቹ ከወንበርህ ሥር ናቸው። ከተጎታቹ ጎማ ኋላ ክተትልን» አለ ታላቅየው።

«ምስክር ነህ ተብዬ መጥቼ ጎማ ሥር ልገባ?» አጎት እያጉረመረመ ሁለቱን የእንጨት ታኮ አቅፎ ወረደ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻቸውን ቀሩ። ሙቀት ከወለሉ ይመጣል፣ ክላክስ ከኋላ ይመጣል። የታላቅየው ቀኝ እግር ከጭኑ ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማንሳት አይችልም፣ መውረድ አይችልም፣ ፊቱን እንኳ ማዞር አልቻለም። ስድስት መቶ ሰማንያ፣ አለች ሳጥኗ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ። «በአፌ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። በወረቀት ብቻ አምኜ… ይቅርታ አድርግልኝ።»

ይቅርታ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቃት ቃል። ስንት ጊዜ መሪ ላይ ሆኖ፣ ብቻውን፣ ወንድሙን አጠገቡ እንዳለ አድርጎ ይህችኑ ቃል አስብሎታል! አሁን መጣች፤ የመጣችው ግን ላልተበደለው ነገር ነው፤ በዳዩ እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ።

«ለዚህ ነው ይቅርታ የምትለኝ?» አለ ድንገት።

«ታዲያ ለምን?»

«ለሰርግህ ቀን።»

«ሰርጌ ምን ሆነ?»

«ያ አለቃህ ‹ይሄ ማነው› ሲልህ ምን አልከው?»

ኢንጂነሩ ግንባሩን ቋጠረ። በእውነት እያሰበ ነበር፤ ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። «ምን አልኩት?»

«‹ሹፌራችን ነው።›»

አምስት መቶ ሃምሳ። ከውጭ የአውቶቡሱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ ይጮኻል፤ «አባባ! ቤት ሠርታችሁ ልትኖሩበት ነው እንዴ?» የአጎት ድምፅ መለሰለት፤ «ግባ፣ አንዱን ክፍል አከራይሃለሁ!»

«ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ፣ «ሙሽሮቹን ማን ይወስዳል ብሎኝ ይሆናል እኮ። ያን ቀን የምናገረውን መች አውቀው ነበር?»

«ይሆናል አትበለኝ። እዚያው ቆሜ ነበር። ካፖርትህን ይዤ።»

«ይህን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተሸክመህ ነው?»

ያቺ ቃል ሲታሰብ እንዴት ትልቅ ነበረች፣ ስትነገር እንዴት አነሰች! ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ የነሳችው ነገር በዚህች የጋለች ጋቢና ውስጥ ወጥታ፣ እንደ ልጅ ኩርፊያ ሆና፣ ክሩስኮቱ ላይ ተቀመጠች። አንዴ ተነግራለችና ተመልሳ አትገባም።

«ብዬም ከሆነ» አለ ኢንጂነሩ፣ ወደ ሳጥኗ እያየ፣ «ክፋት የለውም። ሹፌር ነህ እኮ።»

አራት መቶ አሥር። ታላቅየው ጥርሱን ነከሰ። እግሩ ደንዝዞ የእሱ መሆኑ ቀርቷል።

«ገብቷል!» አለ አጎት መስኮቱን እየደበደበ። «ካላመናችሁ ውረዱና እዩት፤ እኔ ግን ሁለተኛ አልጎነበስም!»

ሦስት መቶ ሲል ቁልፉን መለሰው። ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተደግፋ ታኮው ላይ ስትቀመጥ እንጨቱ ሲጠጥ ተሰማ፤ ያዘ። ታላቅየው ግን እግሩን ማመን አቅቶት አልለቀቀም፤ ሁለት እጁም መሪው ላይ እንደተጣበቀ ነው። ኢንጂነሩ በደረቱ ላይ ተሻግሮ ተዘረጋ። ጭንቅላቱ ከታላቅየው አገጭ ሥር ገባ፤ ድሮ፣ ሲያዝለው፣ የሚያውቀው ያው ጭንቅላት ነው፤ አሁን ፀጉሩ ከመሐል ሳስቷል። ቁልፉን ግማሽ አዞረ። መጫኛዋን ነካ።

«አንድ» አለ ጮክ ብሎ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው። «አየህ? አንድ።»

ዳገቱን ወጡ። መኪናዋ አሁን አትዘልም፤ ከበድ ብላ፣ ረጋ ብላ ትጎትታለች። ቁጥሩ ከአምስት መቶ አላለፈም። አጎት አንዴ፣ «ዝምታችሁ ከክላክሱ ይብሳል» አለ።

ወርክሾፑ ግቢ ሲደርሱ ቶርኖው አንዲት ጭረት ሳትነካው ወረደ። አጎት ዞሮ ዞሮ አየውና እጁን አጨበጨበ። «እንግዲህ መስክሬያለሁ፤ በሰላም ደርሷል። መኪናዋ ዳገት ላይ ትንሽ ማረፏን አልቆጥረውም።»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ከሸሚዙ ደረት ኪስ ሊብሬውን አወጣ፤ ይዞት ነው የመጣው። ታላቅየው ያቺን የተጣጠፈች ደብተር በዓይኑ ተከተላት።

«ሰኞ በጠዋት» አለ ኢንጂነሩ። «ዛሬ የሆነው በእኔ ጥፋት ነው፤ ቃሌን አላጥፍም። ብቻ እንዲህ ከጋለች በኋላ ዘይቷን ልየው። ጨርቅ አለህ ጋሼ?»

ሃያ ሁለት ዓመት «ጨርቅ አምጣ» ሲባል የኖረ ሰው ነው። እጁ ሳይጠይቀው ኪሱ ገባ። ጣቶቹ ወረቀቷን ነኩና ቆሙ።

አጥሩ ላይ አሮጌ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ «ያውልህ» ማለት ይበቃ ነበር። ሰኞ ሊብሬው በስሙ ይዞራል። ይቅርታውም የእሱ ሆኖ ይቀራል። መኪናዋ ውስጥ በገባ ቁጥር ግን የፀሐይ መከላከያው ላይ ወረቀቷ የተለጠፈችበትን ቦታ ያያል፤ የራሱን መኪና የሰረቀ ሰው ሆኖ ይነዳል። ወንድሙንም ከእንግዲህ በምንም ነገር መቀየም አይችልም። ያለ ቂም እንዴት እንደሚኖር ደግሞ አያውቅም።

ወረቀቷን አውጥቶ ሰጠው።

ኢንጂነሩ ሊጠርግባት ሲል ጽሑፉን አየ። ዘረጋት። ታላቅየውም በትከሻው በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ አነበባት። ግማሿ በዘይት ጠቁሯል፤ የላይኛው መስመር ግን ይታያል፦ «ጋሼ፦ መኪናዋ ያንተ ስለምትሆን ባንተ በሚቀልህ መንገድ አስተካክያታለሁ።» ከዚያ በታች ቁጥሮች ነበሩ፤ የዘይት ጥቀርሻ በልቷቸዋል።

ኢንጂነሩ ዘንጉን መዘዘ፣ በወረቀቷ ጠረገው፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ፣ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየ። «ዘይቱ አልተቃጠለም» አለ። ሊብሬውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰና የኪሱን አዝራር ቆለፈበት።

«ሰኞ ነው ያልከው አይደል?» አለ አጎት፣ አንዱን አንዱን እያየ።

«እናያለን።»

«የትኛውን ሰኞ?»

ኢንጂነሩ ኮፈኑን ከደነ። የግቢው ዘበኛ ከበሩ ላይ ተጣራ። «ሹፌር! ተጎታቹ መንገድ ዘግቷል፣ አንሳው!»

«አቤት» አለ ታላቅየው።

ገባ። ቁልፉን ግማሽ አዞረ። ጣቱን ወደ መጫኛዋ ልኮ አቆመው። ተጎታቹ አለ፣ ጭነቱ ግን የለም። ይህ መጎተት ነው ወይስ አዘቦት? አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ድሮ አዘቦት ነበር፤ አሁንስ? ከበሩ ውጭ የሚጠብቅ መኪና ክላክስ ነፋ። አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄው ነበር።

«ባዶ ተጎታች ስንት ጊዜ ነው?»

ኢንጂነሩ ወደ ወርክሾፑ እየሄደ ነበር። አልዞረም።

«ጽፌልህ ነበር» አለ።

ጣቱ መጫኛዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሳጥኗ ዓይኗን ብልጭ ድርግም ታደርግበታለች። ኮፍያው ጭኑ ላይ ነበር፤ አንስቶ አልሰቀለባትም።